የጋሪ ፈረስ ምሳ የማን ነው?

ጎንደር ላይ ስለ ጋሪ ፈረስ ወሬ ከተነሳ ወዲያው ወደ ፉርሽካ ይዞራል። ኩንታሉ ስንት ገባ? የት ይገኛል? እውነት ነው፣ ያናድዳል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ፉርሽካ ይጠፋል። ሲመጣም ዋጋው ጨምሮ ይመጣል። በሌላ በኩል ነዳጅ ሲጠፋና ባጃጅ ሲቆም የጋሪና የአህያ ሥራ ይደራል። ሥራው በሚበዛበት ሰሞን መኖውም ይወደዳል ማለት ነው። ባለጋሪው መሃል ላይ ተይዟል።

ክርክሩ ግን ዋናውን ነገር የዘለለ ይመስለኛል። በከተማችን የሚሠራ ፈረስ የሚጎዳው መኖ ስላነሰው ብቻ አይደለም። የሚበላበት ሰዓት ስለሌለውም ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ልጓም ይገባለታል፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይወጣለታል። በመሃል ያለው ጊዜ ለሆዱ ባዶ ነው። ማታ ደግሞ ለቀኑ ማካካሻ አንድ ባልዲ ፉርሽካ ይቀርብለታል። ባለቤቱ ገንዘቡን አውጥቷል፣ መግቧልም። ፈረሱ ግን ጎድኑ ይቆጠራል። አንዳንዴም ሌሊቱን በቁርጠት ሲንከባለል ያድራል።

ይሄ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የፈረስን ሆድ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሬ ያገኘውን ይውጥና ጥላ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። ሆዱ እንደ ጎተራ ነው፤ አጠራቅሞ በኋላ ያወጣዋል። ፈረስና አህያ ግን አያመሰኩም። ጨጓራቸውም ትንሽ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን የፈረንጅ ፈረስ እንኳ ጨጓራው ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። የእኛ የጋሪ ፈረስ ብዙውን ጊዜ 250 ኪሎ ቢሞላ ነው። ስለዚህ የእሱን ጨጓራ በግማሹ ገምቱት። ይህ ትንሽ ጨጓራ ቀን ከሌት አሲድ ያመነጫል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ነው። ምራቁ ደግሞ የሚመጣው ፈረሱ ሲያኝክ ብቻ ነው። ለብዙ ሰዓት ያላኘከ ፈረስ ጨጓራው በራሱ አሲድ ይቆስላል። ማስታወክም አይችልም። አንዴ የገባ ነገር መውጫው በኋላ በኩል ብቻ ነው።

ሳሩና ጭዱ የሚብላላው ከጨጓራ አልፎ፣ በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ ጥቃቅን ተህዋስያን ጭዱን ሰብረው ጉልበት ያወጡለታል። ይህ ጉልበት ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ይለቀቃል። ችግሩ እህል ሲበዛ ነው። ገብስ፣ በቆሎ ወይም የወፍጮ ቤት ጥራጊ በአንድ ጊዜ ብዙ ከገባ ትንሹ አንጀት ሳይጨርሰው ያልፋል። ትልቁ አንጀት ውስጥ ሄዶ ይቦካል። ጋዝ ይሞላል፣ አሲድ ይበዛል፣ ደጎቹ ተህዋስያን ያልቃሉ። ቁርጠቱ ከዚህ ይመጣል። አልፎ ተርፎ መርዙ ወደ ደም ሲገባ ሰኮና ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆጣል። ፈረሱ የፊት እግሩን መርገጥ ይጠላል። ሰውየው ሚስማር ወግቶት ነው ብሎ ሰኮናውን ሲያገላብጥ ይውላል። ነገሩ ያለው ግን ማታ በቀረበው ባልዲ ውስጥ ነው።

ፉርሽካ ብቻውን ከገብስና ከበቆሎ ይሻላል፤ ስታርቹ ያንሳል። ብቻውን የሚሰጠው ሰው ግን ጥቂት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የሚሠራ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 2.5 የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለ250 ኪሎ ፈረስ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 4 ኪሎው ሳር፣ ድርቆሽ ወይም ጭድ መሆን አለበት። ፈረስ 1 ኪሎ ድርቆሽ አኝኮ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 1 ኪሎ እህል ግን በ10 ደቂቃ ያልቃል። እንግዲህ 4 ኪሎ ድርቆሽ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚጠጋ ማኘክ ነው። ሳር መስክ ላይ የተለቀቀ ፈረስ በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ሲግጥ ይውላል። የእኛው ቀን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት ውሎ ማታ በ20 ደቂቃ እራቱን ይጨርሳል። ከዚያ በረቱ ባዶ ከሆነ ሌሊቱን አፉን ዘግቶ ያድራል።

ስለዚህ አንድ ብር ቢኖረኝ መጀመሪያ በድርቆሽ ላይ ነው የማውለው። የተረፈውን በፉርሽካ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ፉርሽካ ማባያ ነው። ዋናው ምግብ ጭዱና ድርቆሹ ነው። ጠዋት ልጓም ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ትንሽ ድርቆሽ ይብላ። በባዶ ሆድ ከሚሮጥ ይልቅ አሲዱ ያነሰ ያቃጥለዋል። ቀን ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ልጓሙ ወጥቶለት ያኝክ። ማታ መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ከዚያ ፉርሽካ። ለሌሊቱ ደግሞ በረቱ ውስጥ ጭድ ይደርለት። ፈረስ እንደ እኛ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። ቆሞ ሲበላ ያድራል። እህል የሚሰጥ ሰው በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ ባያልፍ ጥሩ ነው። 2 ኪሎ ካለው ለሁለት ይክፈለው።

የጋሪ ተራ አካባቢ ቆማችሁ አንዱን ፈረስ ሲበላ እዩት። ጆንያው በገመድ ከጆሮው ኋላ ታስሯል። ልጓሙ አልወጣም። አፍንጫውን ጆንያው ውስጥ ነክሮ ሲተነፍስ ደረቁ ፉርሽካ ይቦናል። ያስለዋል፣ ያስነጥሰዋል። ብረቱ ከጥርሱ ጋር ይንቀጫቀጫል። ግማሹን በደንብ ሳያኝክ ይውጠዋል። ጥቂቱ በአፉ ጎን ይፈሳል። ባለጋሪው በላ ብሎ ጆንያውን ይፈታል። ይህን ለማስተካከል ምንም ተጨማሪ ብር አያስፈልግም። ልጓሙን ማውጣትና ፉርሽካውን በውሃ ማራስ ይበቃል።

የፉርሽካ ሌላው ጣጣ ቶሎ አይታይም። በወራት የሚመጣ ነው። ፉርሽካ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም ግን የሌለበት የሚባል መኖ ነው። ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ስምንት ጊዜ ያህል ይበልጣል። ፈረስ የሚፈልገው ደግሞ ካልሲየሙ እንዲበልጥ ነው። ቢያንስ እኩል መሆን አለበት። ሚዛኑ ሲዛባ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከአጥንቱ ይበደራል። የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ጥርሱ ይላላል፣ እግሩ ያነክሳል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ የወፍጮ ቤት ፈረሶች በዚህ በሽታ የታወቁ ነበሩ። ጌቶቻቸው ርካሹን ፉርሽካ ስለሚያበሏቸው ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አልፋልፋ ካልሲየም አለው። የባቄላና የሽንብራ ገለባም ከስንዴና ከገብስ ገለባ የተሻለ ነው። ይህ ካልተገኘ ለ1 ኪሎ ፉርሽካ ከ30 እስከ 40 ግራም ለመኖ የሚሸጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይደባለቅበታል። ለመኖ የሚሸጠው ነው ያልኩት። የግድግዳ ኖራ አፉንና አንጀቱን ያቃጥለዋል፤ እሱን እንዳትሞክሩት።

ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። የኑግ ፋጉሎ በፕሮቲን የሚታማ አይደለም፤ ከመቶ 30 ገደማ አለው። ጭድ ብቻ ለሚበላ ፈረስ በቀን ከ300 ግራም እስከ ግማሽ ኪሎ ቢጨመርለት ለውጡ በጸጉሩ ላይ ይታያል። ግን ፋጉሎ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የሚወደው መኖ ነው። ጉበት ይጎዳል። የሻገተ በቆሎ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በፈረስና በአህያ ላይ አንጎል የሚያበላሽ መርዝ ይኖርበታል። እንስሳው በክብ ይዞራል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ ከዚያ ይወድቃል። ለሰው አይሆንም ተብሎ የተጣለ በቆሎ ለፈረስም አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ነገር ልምጣ። ጓያ። ደምቢያና ፎገራ ላይ በሰፊው ይዘራል። ዝናብ ሲያጥርም አይጠፋም፤ ከሌላው እህል ይረክሳል። መኖ ሲወደድ የብዙ ሰው ዓይን ወደ ጓያ ይሄዳል። ጓያ ሰውን ሽባ እንደሚያደርግ እናቶቻችን በደንብ ያውቃሉ። ፈረስ ላይም ያንኑ ያደርጋል፤ ፈረስ ለጓያ መርዝ ከከብት ይልቅ ስስ ነው። ለሳምንታት ሲበላው የኋላ እግሩ ይዝላል። የጉሮሮው ነርቭም ይሞታል። እንዲህ ያለው ፈረስ ቆሞ ሲታይ ደህና ነው። ዳገት ሲጀምር ግን ጉሮሮው ያፏጫል፣ አየር ያጥረዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዳገት ላይ ጋሪ እየጎተተ ይህ ቢገጥመው ምን እንደሚከተል ማሰብ አያቅትም። ለበሬ ስለሰጠሁት ለፈረስም ይሆናል የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ይኸው ስህተት በዶሮ መኖ ላይም ይደገማል። በፋብሪካ የተዘጋጀ የዶሮ መኖ ውስጥ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ዶሮን ከኮክሲዲያ በሽታ ይጠብቃል። ለሚደልብ ከብትም ይሰጣል። የፈረስን ልብ ግን በጥቂት መጠን ይገድላል። ከዶሮ ቤት የተረፈ መኖ ሲገኝ ይባክናል ብላችሁ ፈረሱ ፊት እንዳታፈሱት። ዩሪያ የተቀላቀለበት የከብት መኖም እንዲሁ ነው፤ የከብት ሆድ ይጠቀምበታል፣ የፈረስ ግን አይጠቀምበትም።

ድርቆሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገንዘብ የሚድነው እዚህ ነውና። የድርቆሽ ዋጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይረክሳል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሰቀላል። ቀን በቀን ሸክም እየገዛ የሚያበላ ሰው ግንቦት ላይ የሚከፍለው በኅዳር ከሚከፈለው በጣም ይበልጣል። አራት አምስት ባለጋሪ ሆነው አይሱዙ ተከራይተው ከደምቢያ ወይም ከጎንደር ዙሪያ ቢያስመጡ ልዩነቱ ያስገርማል። ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ለድርቆሽ መሰብሰብ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ስትገዙ ክብደቱን ብቻ አትዩ። ብዙ ገበሬ ሳሩን የሚያጭደው ዘግይቶ ነው። ዘሩ ረግፎ፣ አገዳው ጠንክሮ። ያኔ ክምሩ ትልቅ ይሆናል፣ ፕሮቲኑ ግን ወርዷል። ጥሩው ድርቆሽ አበባ ሲያወጣ የታጨደው ነው። ከመሃል አንድ እፍኝ ሳቡ። አረንጓዴነቱ ካልጠፋ፣ ቅጠሉ ከአገዳው ካልተራገፈ፣ ሲታጠፍ ካልተሰበረ፣ ሽታው ሳር ሳር ካለ ግዙት። ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ካለበት፣ ሲራገፍም አቧራ ከጨሰ ተዉት። ቤት ሲገባ ከሥሩ እንጨት ወይም ድንጋይ ይነጠፍለት። ከላይ ሸራ ይልበስ፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። በላስቲክ ተጠቅልሎ የታፈነ ድርቆሽ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል።

የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ገለባ የተሻለ ነው። አይናቅም። አፈር ስላለበት ግን ተራግፎና በውሃ ተርከፍክፎ ይሰጥ።

ስለ አህያ የምንናገረው ያንሳል፣ የምንጭናት ግን ይበዛል። አገራችን ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ አህያ አለ፤ ፈረሱ 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. የአህያ ቆዳ ንግድን ሲያግድ አህያ የድሃ ቤተሰብ ሀብት መሆኑ በይፋ ተነግሯል። ሀብት ነው ብሎ መናገር ቀላል ነው። እንደ ሀብት መመገቡ ላይ ነው ችግሩ።

አህያ የደረቅ አገር እንስሳ ነው። የቅድመ አያቱ ዘመድ የሆነው የዱር አህያ ዛሬም አፋር ውስጥ በቁጥር ጥቂት ሆኖ ይኖራል። ሰው አህያን ማላመድ የጀመረውም ከ7,000 ዓመት በፊት ገደማ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ነው። ስለዚህ ሆዱ ጭድን ከፈረስ የተሻለ ያብላላል። 120 ኪሎ የሚመዝን አህያ በቀን 2.5 ኪሎ ጭድና ድርቆሽ ካገኘ፣ የሚሠራ ከሆነም ትንሽ ፉርሽካ ከተጨመረለት ይበቃዋል። ብዙ እህል እንዲያውም ይጎዳዋል። ይህ ሁሉ ግን ሰው እንዲያስብ አድርጎታል፤ አህያ ምንም ሳይበላ ይኖራል ብሎ። አይኖርም።

አህያ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ካቆመ ሰውነቱ ስቡን በብዛት ወደ ደም ይለቃል። ጉበቱ አይችለውም። ደሙ ይወፍራል፣ ከዚያም ሌላው አካሉ ሥራ ያቆማል። ወፍራም አህያ፣ እርጉዝ አህያና የምታጠባ እናት ላይ ይህ ይብሳል። አህያ ሲታመም ይደብቃል፤ እንደ ፈረስ አይንከባለልም። ጆሮውን ጥሎ ዝም ብሎ ይቆማል። "ዛሬ ምግብ ጠላ" ብሎ ነገ መጠበቅ አይገባም። እርጉዟ አህያ አንድ ዓመት ገደማ ትሸከማለች። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ውርንጭላው በፍጥነት ያድጋል፣ ሆዷን ስለሚይዝባት ግን በአንዴ ብዙ መብላት አትችልም። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ። ጭነቱም ይቀነስላት።

"እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" አለች አህያ ይባላል። የጎንደር አህያ ሰርዶውን የት ታገኘዋለች? ግጦሽ የነበረው ሜዳ ቤት ሆኗል። የቀረው ቅዳሜ ገበያ ነው። ጭነቷን ካራገፈች በኋላ የተጣለውን ትለቃቅማለች። የጎመን ቅጠልና የካሮት ልጣጭ ደህና ነው። የሽንኩርት ክምር ግን ደሟን ያበላሻል፤ ቀይ የደም ሴሎችን ይሰብራል። ፌስታሉ ደግሞ ሌላ ነው። የቲማቲም ጭማቂ ያለበትን ፌስታል ትውጠዋለች። አንጀቷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። የመጋቢት ረሃብ ሲመጣ ይህ ነገር ይበዛል። ከመሰቃየቷ በፊት ጭድ ከጭነቱ ጋር አብሮ ቢወጣና ገበያ ላይ ቢፈታላት ሁለት ብር ሳይሆን አህያ ይተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሆዱ የተነፋ ሁሉ አልጠገበም። ጭድ ብቻ የሚበላና ትል ያለበት እንስሳ ሆዱ ይነፋል፣ ጀርባው ግን ይሰረጎዳል። ለማወቅ ከፈለጋችሁ በዓይን ሳይሆን በእጅ እዩት። መዳፋችሁን ጎድኑ ላይ አድርጉ። ጎድኑ በቀላሉ ተሰምቶ ካልታየ ደህና ነው። ተሰምቶም ታይቶም ከሆነ ከስቷል። ክሳቱ ኮርቻ ያረፈበት ላይ ገጣባን ያመጣል። አጥንቱን የሚሸፍን ሥጋ ከሌለ ጭነቱ ቆዳውን ይበላል። ገጣባ ላይ ቅባት እየቀባን ለዓመታት የምንታገለው ሥሩ ሆድ መሆኑን ስለምንረሳ ነው።

ውሃ። 250 ኪሎ ፈረስ ቆሞ ሲውል 15 ሊትር፣ በፀሐይ ሲሠራ 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንድ ተኩል ጀሪካን ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ ውሃ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንገረብ ግድብ በደለል ተሞልቶ ሰው ራሱ በወረፋ ይቀዳል። ያንን ጀሪካን የምታመላልሰው ደግሞ አህያ ናት። እኔ እስካሁን ውሃ ገንዳ ያለው ጋሪ ተራ ጎንደር ውስጥ አላየሁም። የሚገርመው፣ ከፋሲል ባሕረ ጥምቀት አጠገብ ያለችው ባለ ጉልላት ትንሽ ቤት የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይባላል። አፄ ቴዎድሮስንም በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ እንላቸዋለን። በፈረስ ስም የሚኮራ ከተማ አንድ የሲሚንቶ ገንዳ ያቅተዋል?

ላብ ላይ ያለ ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይሞታል የሚል እምነት አለ። ልክ አይደለም። ጥቂት ጥቂት እያለ ይጠጣ። የሚጎዳው ለብዙ ሰዓት ተጠምቶ ደረቅ ጭድ መብላቱ ነው። ጭዱ አንጀቱ ውስጥ ይደርቃል፣ ይቋጠራል። ላብ ጨውም ይወስዳል። ሳርና እህል ውስጥ ደግሞ ጨው የለም ማለት ይቻላል። በቀን ከ25 እስከ 50 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው በራሰው ፉርሽካ ላይ ይነስነስ። አሞሌ ካገኛችሁ በረቱ ውስጥ አንጠልጥሉት። ጨው ሲሰጥ ውሃ መኖሩን አረጋግጡ።

ሐኪም ቤት ሳይሄዱ ብዙ የሚነግራችሁ ነገር ፋንድያው ነው። ጠዋት በረት ስትገቡ ልብ በሉት። ደህናው ፋንድያ እርጥብ ሆኖ ክብ ክብ ይላል፤ መሬት ሲነካ ይከፈላል። ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ንፍጥ ለብሶ ከመጣ ውሃ አንሷል። በእንጨት ፈርከስ አድርጉት። ረጃጅም ጭድና ያልተፈጨ ገብስ ካለበት ጥርሱ ችግር አለበት። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ እየበቀለ ይሄዳል፤ የላይኛው መንጋጋ በውጭ በኩል፣ የታችኛው በውስጥ በኩል ይሾላል። ጉንጩንና ምላሱን ይቆርጠዋል። ሲበላ የታኘከ የድርቆሽ ኳስ ከአፉ ይወድቃል። እንዲህ ላለው ፈረስ ፉርሽካ መጨመር ገንዘብ መበተን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ጥርሱ ይታይ፣ ሹሉ ይሞረድ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ትሉንም እዚያው ጠይቁ። በደፈናው መድኃኒት ማጠጣት ትሉን ያለማምደዋል።

መኖ ስትቀይሩ አትቸኩሉ። ክረምት ላይ ከጭድ ወደ ለምለም ሳር፣ ኅዳር ላይ ከሳር ወደ ድርቆሽ፣ ሁልጊዜም ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ እየቀላቀላችሁ ይሁን። ቁርጠት ከጀመረው ግን መኖውን ሁሉ አንሱ። ልጓምና ኮርቻ አውልቁ። ቀስ ብላችሁ አራምዱት፣ ሐኪም ጥሩ። በአፉ ዘይት፣ በአፍንጫው አረቄ ማጠጣት ሳንባ ውስጥ ይገባል። በቁርጠት ሳይሆን በሳንባ ይሞትባችኋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለባለቤት ነው። የጎንደር ጋሪ ግን ሁለት ጌታ አለው። ብዙ ጊዜ ፈረሱ የአንድ ሰው ነው፣ የሚነዳው ሌላ ሰው። ነጂው የቀን ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። ባለቤቱ ጠዋትና ማታ መኖ ይሰጣል። ቀኑ ደግሞ የነጂው ነው። የቀኑ መኖ በማን ሒሳብ እንደሆነ አይነገርም። ነጂው ልጓም አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ቢያቆም ሁለት ሰው ያመልጠዋል። ለድርቆሽ ቢያወጣም ከኪሱ ነው፤ ትርፉን የሚያገኘው ግን ባለቤቱ ነው። እሱ ምን አገባው? ባለቤቱ ደግሞ ፈረሱ ከሳ ብሎ ማታ ፉርሽካ ይጨምራል። የቀኑ ባዶነት እንዳለ ይቀራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄን። ነጂው ክፉ ሆኖ፣ ባለቤቱም ንፉግ ሆኖ አይደለም። የምሳው ሰዓት ባለቤት ስለሌለው ነው።

ይህንን በስምምነት መፍታት ይቻላል። ገቢው ሲነገር ምሳውም አብሮ ይነገር። ባለቤቱ ጠዋት ጋሪው ሥር በጆንያ ሁለት ኪሎ ድርቆሽ ያስርለት። ነጂው ረፋድ 5 ሰዓት ላይና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ልጓሙን አውጥቶ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያቁም። ለዚያ ለአንድ ሰዓት የቀን ገቢው ትንሽ ይቀነስለት። ባለቤቱ የቀነሰውን ከማታው ፉርሽካና ከሐኪም ክፍያ በሚተርፈው ያገኘዋል። ከተማው ደግሞ ከጋሪ ተራው የሚሰበስበው ክፍያ ካለ ለአንድ ገንዳና ለአንድ ዳስ ያውለው። ገንዳውን የሚሞላ ወጣት በቀን ጥቂት ሳንቲም ከየጋሪው ቢሰበስብ ሥራ ይሆነዋል። አዘዞ መስመር ላይ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ሜዳውም ጋሪውም እዚያ ነው ያለው።